ሜጀርና ማይነር በትንሽ ትምህርት ቤት ሚዛን፦ የአንዲት የሰሜን ሸዋ ሠልጣኝ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ለመጀመሪያ ደረጃ መምህርነት በዲግሪ የሚሠለጥን ተማሪ ወደፊት ምን እንደሚያስተምር በአብዛኛው የሚወሰነው ሜጀርና ማይነር (ዋናና ንዑስ የሥልጠና ትምህርት) በሚሞላበት አንድ ገጽ ቅጽ ላይ ነው። እዚህ የቀረበው የአንዲት የሰሜን ሸዋ ሠልጣኝ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሞላችውን ጥምረት ጊዜው ሳያልፍ ቀይራለች። የቀየረችበት መንገድ ሌላው ሠልጣኝም ሊከተለው የሚችል ነው። ከለውጡ በኋላ የገጠሟት ችግሮችም ከምርጫው ባልተናነሰ ሊታወቁ የሚገባቸው ናቸው። ሠልጣኟ፣ ኮሌጁና ትምህርት ቤቶቹ በስም አልተጠቀሱም።

መነሻ

ሠልጣኟ የመንዝ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ገብስ የሚዘሩ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው በተፈጥሮ ሳይንስ ሲሆን፣ ትራንስክሪፕቷ ላይ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከሁሉም ከፍ ብለው ይታያሉ። ሒሳብና እንግሊዝኛ መካከለኛ፣ ፊዚክስ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር። ኮሌጅ ስትገባ ከአንድ ቀበሌ ከመጡ ሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ መኖር ጀመረች። አብሮ መኖሩ በምርጫዋ ላይ ትልቅ ድርሻ ስለነበረው እዚህ ይጠቀሳል።

በኮሌጁ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም የጋራ ነው። የማስተማር ዘዴ፣ የልጆች ዕድገት፣ የንባብና የጽሕፈት አስተምህሮ፣ መሠረታዊ ሒሳብና የመሳሰሉት ይሰጣሉ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር ይይዛል፤ ሜጀሩ የማይነሩን እጥፍ ያህል ክሬዲት አለው። ለምርጫ የቀረቡት አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጠቅላላ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ እንዲሁም የክወናና የእይታ ጥበባት ነበሩ።

ምርጫውን ለመረዳት የሥርዓተ ትምህርቱን ለውጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ ከ1ኛ–4ኛ እና ከ5ኛ–8ኛ በሁለት እርከን ከፍሎት ነበር። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው ፖሊሲ ግን የመጀመሪያ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷቸዋል። የትምህርት ዓይነቶቹም አብረው ተለውጠዋል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የተፈጥሮውም የኅብረተሰቡም ይዘት በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ተጠቃሎ ይሰጣል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ቀድሞ ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ጠቅላላ ሳይንስ ሆነዋል። የኅብረተሰብ ትምህርት ራሱን ችሎ የሚሰጠው በእነዚሁ በሁለቱ ክፍሎች ብቻ ነው። ምርጫ የሚያማክሩ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የተማሩት በቀድሞው አደረጃጀት ስለሆነ ምክራቸውም በዚያው የተቃኘ ነው። ይህ በቅንነት የሚደረግ ነገር ቢሆንም ተማሪውን ግን ያሳስታል።

ችግሩ

ሠልጣኟ መጀመሪያ የሞላችው አማርኛ በሜጀር፣ ኅብረተሰብ በማይነር ነበር። አማካሪዋ ምክንያቷን ሲጠይቃት ሦስት ነገር ተናገረች። አንደኛ፣ ሒሳብ ያስፈራታል። ሁለተኛ፣ ከፊቷ የነበሩ ተማሪዎች «አማርኛ አይከብድም፣ ጂፒኤ ይሰበስባል» ብለዋታል። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ጓደኞቿ ይህንኑ ስለሞሉ ሃንድአውት በጋራ ኮፒ አድርገው፣ ወጪውን ለሦስት ተካፍለው ማጥናት ይችላሉ።

ሦስቱም ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። ከገጠር መጥታ በወር ጥቂት ብር ለምትኖር ልጅ የኮፒ ወጪ ከባድ ነው። የጎደለው ግን ዋናው ጥያቄ ነበር፦ ተመርቃ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ምን ያህል ትልቅ ነው? እዚያስ ምን ምን ታስተምራለች? የተሻለ ውጤት ያመጣችባቸው ባዮሎጂና ኬሚስትሪም በቅጹ ላይ ቦታ አልነበራቸውም።

አማርኛ ይቀላል የሚለው ሐሳብ ራሱ መታረም አለበት። አማርኛ መናገርና አማርኛ ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የአማርኛ ሜጀር ሥነ ልሳንና ሥነ ጽሑፍ ይማራል፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ማንበብ የሚያቅተው የት ላይ እንደሆነ ለይቶ ማወቅም ይጠበቅበታል። ቀላል ነው ብሎ የገባ ሠልጣኝ ይህንን የመጨረሻውን ነው ሳይማረው የሚወጣው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*የክፍለ ጊዜ ስሌት።* አማካሪዋ በሴሚስተር እረፍት ወደ ቤቷ ስትሄድ የሦስት ትምህርት ቤቶችን የክፍለ ጊዜ ድልድል ገልብጣ እንድትመጣ አዘዛት። ድልድሉ በአብዛኛው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለመገልበጥ ፈቃድ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። አንዱ የገጠር ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ሌላው የጉድኝት (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ማዕከል የሆነ፣ በመጠኑ መካከለኛ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛው የከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የሦስተኛው መረጃ በስልክ ነው የተሰበሰበው።

ከሦስቱ ብዙ ትምህርት የተገኘው ከትንሹ ትምህርት ቤት ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም ያስተምራል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ በትምህርት ዓይነት የተከፋፈለ ሲሆን በየክፍሉ ያለው አንድ ሴክሽን (የተማሪዎች ምድብ) ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ድልድል ሒሳብ በየክፍሉ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ስለነበረው በአራቱ ክፍሎች 20 ይሆናል። እንግሊዝኛም እንዲሁ 20 ነው። አማርኛ 4 ክፍለ ጊዜ በአራት ክፍል 16 ይመጣል። ሳይንስ በ5ኛና በ6ኛ በአካባቢ ሳይንስ ስም 4፣ 4፣ በ7ኛና በ8ኛ በጠቅላላ ሳይንስ ስም 6፣ 6 ተይዞለት በድምሩ 20 ነበር። ኅብረተሰብ በሁለቱ ክፍሎች 3፣ 3 ሆኖ በድምሩ 6 ብቻ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ሲሆን፣ አንድ መምህር በሳምንት የሚይዘው 25 አካባቢ ነበር።

ቀጥሎ ጥምረቶቹ ተደመሩ። አማርኛ ከኅብረተሰብ ጋር 22 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ ይህ ለአንድ መምህር ነው፣ በትምህርት ቤቱም ያ መምህር ቀድሞ ነበረ። አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር 36 ይመጣል። ጠቅላላ ሳይንስ ከሒሳብ ጋር 40 ነው፤ ሁለት መምህራን ቢመጡ እንኳ ለሁለቱም የሚበቃ ሥራ አለ። አማርኛው በሌላ መምህር ከተያዘ ደግሞ ለአማርኛና ኅብረተሰብ ሠልጣኝ የሚቀረው 6 ክፍለ ጊዜ ነው። ቀሪውን የሚሞላው ባልሠለጠነበት ትምህርት፣ አንዳንዴም በስፖርትና በሙዚቃ ነው። በዚህ ዓይነት ከሚሰጥ ትምህርት ልጆቹ ብዙም አያገኙም፤ መምህሩም ሙያውን ይጠላል።

በትልቁ የከተማ ትምህርት ቤት ስሌቱ ሌላ ነበር። ሴክሽን ስለሚበዛ አንድ መምህር አንድ ትምህርት ብቻ ይዞ ሰሌዳው ይሞላል፤ ማይነሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ባነሰ ቁጥር የማይነሩ ድርሻ ይጨምራል ማለት ነው። አዲስ ምሩቅ ምድቡን በብዛት የሚያገኘው በዕጣ ነው፤ ዕጣውም የሚያደርሰው ወደ ከተማ ሳይሆን መምህር ወደጎደለበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ጥምረቱ መለካት ያለበት በትንሹ ትምህርት ቤት ነው።

*የወረዳ ጽ/ቤት ጥያቄ።* ሁለተኛው እርምጃ የወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት የሰው ሀብት ክፍል ነበር። እዚህ ላይ የጥያቄው አቀራረብ ልዩነት ያመጣል። «ምን ዓይነት መምህር ያስፈልጋችኋል?» ብሎ ለጠየቀ «ሁሉም ያስፈልገናል» ነው የሚመለስለት። ሠልጣኟ የጠየቀችው «ማስታወቂያ ወጥቶ አመልካች በማጣት ድጋሚ የተለጠፈው የትኛው ነው?» ብላ ነው። ባለሙያው ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወስዶ አሳያት፤ ድጋሚ የወጡት የሒሳብና የሳይንስ ቦታዎች ነበሩ። ለኅብረተሰብ ቦታ ግን አመልካቹ በዝቶ የተለየው በዕጣ ነበር።

*የኮርሶች ሰንሰለት።* ፍላጎቱ ሳይንስና ሒሳብ ላይ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው የትኛው ሜጀር፣ የትኛው ማይነር ይሁን የሚለው ነበር። ብዙ ሠልጣኞች ይህን እንደ ስም ቅደም ተከተል ያዩታል፤ ነገሩ ግን ከዚያ በላይ ነው። የሒሳብ ሜጀር ኮርሶች ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ አልጀብራ ላይ የወደቀ ካልኩለስ መውሰድ አይችልም፣ ካልኩለስ አንድን ያላለፈ ካልኩለስ ሁለት አይገባም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ኤፍ ምረቃን በዓመት ሊያዘገይ ይችላል። የጠቅላላ ሳይንስ ኮርሶች ግን በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በፊዚክስ ሦስት ቅርንጫፎች የተከፈሉ ናቸው። አንዱ ላይ መሰናከል ሌሎቹን አያስቆምም። ሒሳቧ መካከለኛ፣ ባዮሎጂዋና ኬሚስትሪዋ ጠንካራ ለሆነ ሠልጣኝ ሳይንስን ሜጀር፣ ሒሳብን ማይነር ማድረጉ በዚህ ምክንያት ተመረጠ።

*የ15 ደቂቃ ሙከራ።* ወረቀት ላይ የተሰላው በክፍል ውስጥ መታየት ነበረበት። አማካሪው በአቅራቢያ ካለ ትምህርት ቤት የመጡ ጥቂት የ5ኛ ክፍል ልጆችን ይዞ ሦስት ማይክሮ ቲቺንግ (አጭር የማስተማር ልምምድ) አዘጋጀላት፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሳይንስ፣ አንዱ በሒሳብ። መመዘኛው የድምፅና የሰሌዳ አያያዝ አልነበረም። ልጅ ሲሳሳት መምህሯ ምን ታደርጋለች የሚለው ብቻ ነው የተጻፈው።

በአማርኛው ምንባቡን ራሷ አነበበች፤ «ገባችሁ?» ብላ ጠየቀች፤ «አዎ» ተባለች፤ ጊዜው አለቀ። በሳይንሱ ርዕሱ ትነት ነበር። በጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ውሃ የት እንደሚሄድ ስትጠይቅ አንድ ልጅ «ጠረጴዛው ይጠጣዋል» አለ። እሷም ቀጥታ ልታርመው አልሞከረችም፤ ትንሽ ውሃ በብረት ሳህን ላይ አፍስሳ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና «ብረትስ ይጠጣል?» አለችው። ልጁ ዝም አለ፤ ሌላዋ ልጅ «ወደ ላይ ሄዶ ይሆናላ» አለች። በሒሳቡ በአንድ ሁለተኛ ላይ አንድ ሦስተኛ እንዲደምሩ ጠየቀች። አብዛኞቹ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረው ሁለት አምስተኛ አሉ። እሷ «የጋራ ታሕት ፈልጉ» የሚለውን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳችም።

ከሙከራው የተወሰደው ፍርድ ግልጽ ነበር። በሳይንስ የልጅን ስህተት መነሻ አድርጋ ማስተማር ትችላለች፤ ይህ ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰዎችም የሚጎድላቸው ችሎታ ነው። በሒሳብ ሕጉን ታውቃለች፣ ምክንያቱን ግን ገና መማር አለባት። ሒሳብ በማይነርነት የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ከፍራቻዋ ይልቅ ይህ ክፍተት ለምርጫው የሚጠቅም መረጃ ሆነ።

*የቅጹ ለውጥ።* ለውጡ የአማካሪውን፣ የሁለቱን ዲፓርትመንቶች ኃላፊዎችና የሬጅስትራሩን ፊርማ ይጠይቅ ነበር። የማይነሩ ዲፓርትመንት ኃላፊ ቦታ መኖሩን ካላረጋገጠ ሬጅስትራሩ አይቀበልም። ቅጹ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ሁሉም ተፈረመ። ከሁለተኛው ዓመት ኮርስ ምዝገባ በኋላ ቢሆን ኖሮ የወሰደቻቸው ኮርሶች ስለማይቆጠሩላት ለውጡ አንድ ሴሚስተር ያስከፍላት ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ጥምረቱ በራሱ ሠርቷል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ኮርሶቿን ያለ ችግር አለፈች። አካባቢ ሳይንስ ለማስተማር ስትዘጋጅም የመንዝ ልጅነቷ ጠቀማት፤ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚለውን የአየር ንብረት ክፍፍል ከጓሳ ሣርና ከጭላዳ ተነሥታ እስከ ጀማ ሸለቆ ድረስ በምታውቀው አገር ታስረዳለች። በመጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ ልጆቹ ይህንን ነበር የሚከተሉት።

ሦስት ነገሮች ግን አልሠሩም።

የመጀመሪያው የኮርሶች ጊዜ አለመግጠም ነው። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የሳይንስ ሜጀሮች ሜካኒክስ (ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያጠና የፊዚክስ ኮርስ) ይወስዳሉ። ሜካኒክስ ኃይልን በቬክተር፣ በሳይንና በኮሳይን ይበትናል። የሒሳብ ማይነር ኮርሶች የሚጀምሩት ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። በኮሌጅ ትሪጎኖሜትሪ ከመማሯ በፊት ትሪጎኖሜትሪ በሚጠይቅ ኮርስ ተፈተነች፤ ፊዚክሷ ከመጀመሪያውም ደካማ ስለነበር ዲ አመጣች። ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ደገመችው። ሊቀር የሚችል ችግር ነበር፦ ሬጅስትራሩ ቢጠየቅ ኖሮ የሒሳቡን ኮርስ ከሒሳብ ሜጀሮች ሴክሽን ጋር አስቀድማ መውሰድ ትችል ነበር። በድጋሚው ጊዜ በሳምንት ሁለት ማታ ከአንድ የሒሳብ ሜጀር ተማሪ ጋር እየተቀመጠች አጥንታ አልፋለች።

ሁለተኛው የፕራክቲከም (በትምህርት ቤት የሚደረግ የማስተማር ልምምድ) ምደባ ነው። በሦስተኛው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ስትላክ የምደባ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሜጀሯ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱም ሳይንስ ብቻ ሰጣት። ማይነር በክፍል ውስጥ ካልተሞከረ የሥራ ምደባ ቀን አዲስ ትምህርት ይሆናል። ችግሩ ሲታወቅ አማካሪዋ ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ተነጋግሮ በሳምንት ሁለት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሰጣት። ርዕሱ እንደገና ክፍልፋይ ነበር፤ ልጆቹም እንደገና ሁለት አምስተኛ አሉ። በዚህ ጊዜ ወረቀት አሳጥፋ ግማሹንና ሁለት አምስተኛውን ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ግማሽ እንጀራ ይዛችሁ ሌላ ተጨመረላችሁ፤ አሁን ያላችሁ ከግማሽ አነሰ። እንዴት ሆኖ?» ስትላቸው መልሱ ስህተት መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን ለስድስት አጥፋ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ያሳየችው።

በዚሁ ፕራክቲከም የቋንቋ ችግርም ታየ። በክልሉ ሒሳብና ሳይንስ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ኮሌጅ ውስጥ ሁሉንም በእንግሊዝኛ የተማረች ሠልጣኝ 6ኛ ክፍል ገብታ በአማርኛ ማብራራት ሲኖርባት ትደናቀፋለች። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል የተማሪ መጻሕፍትን እያነበበች በሁለት ዓምድ የተከፈለ ደብተር ላይ ቃላቱን ጎን ለጎን ጻፈች። የሳይንስና የሒሳብ ሜጀር የሆነ ሁሉ ይህን ከፕራክቲከም በፊት ቢያደርገው ይበጃል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። በመጨረሻው የሥልጠና ዓመት ለልምምድ የተመደበችው በመርሐቤቴ ቆላ በሚገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። የ2ኛ ክፍል መምህርቷ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች ርዕሰ መምህሩ ለጥቂት ሳምንታት ክፍሉን እንድትይዝ ለመናት። ከሜጀሯም ከማይነሯም አንዳቸው እዚህ አልረዷትም፤ የክፍሉ ዋና ሥራ ማንበብ ማስተማር ነበርና።

ልጆቹ ሀ ሁ ሂን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። ሰሌዳ ላይ «ሚ»ን ብቻ ነጥላ ስትጽፍ ግን ብዙዎቹ ከ«መ» ጀምረው እስኪደርሱባት ድረስ አይለዩአትም። ፊደሉን በቅደም ተከተል እንጂ በመልክ አያውቁትም ማለት ነው። ነገሩ የዚያ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም በአገሪቱ በተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በቃል ማስያዝ አድካሚ ነው፣ ብቻውንም ንባብ አይሆንም።

በመጀመሪያው ዓመት የንባብ አስተምህሮ ኮርስን የወሰደችው ለማለፍ ያህል ነበር። ሃንድአውቱን ከቤት አስልካ እንደገና አነበበች። በጉድኝቱ ያሉ አንዲት ልምድ ያላቸው የ1ኛ ክፍል መምህርት ክፍላቸው ገብታ እንድትከታተል ፈቀዱላት። ከእሳቸው የወሰደችው አሠራር እንዲህ ነው፦ ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ በቅደም ተከተል ሳይሆን አደባልቆ ማሳየት፤ እንደ «በ»ና «ሰ»፣ «ነ»ና «ኘ» ያሉ መልካቸው የሚቀራረብን በአንድ ሳምንት አለማስተማር፤ ልጁ አራት አምስት ፊደል እንደለየ ወዲያው ቃል መመሥረት፣ «በ» እና «ግ» ካወቀ «በግ»ን ማንበብ። ክፍሉን ለመምህርቷ እስክትመልስ ድረስ ሁሉም አንባቢ አልሆኑም። ተነጥሎ የተጻፈ ፊደል የሚለዩት ግን በግልጽ በዝተው ነበር።

ከሁለቱ ጓደኞቿ አንደኛዋ አማርኛና ኅብረተሰብ ላይ ቆየች። ሁለተኛዋ የክፍለ ጊዜውን ስሌት አይታ ሜጀሯን ሳትነካ ማይነሩን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረች። ይህችኛዋ አማርኛን ከልቧ የምትወድ፣ ለልጆች ተረት ጽፋ የምታነብ ስለነበረች ውሳኔዋ ተገቢ ነበር። የሃንድአውት ወጪ መጋራቱ ግን ቀረ፤ ሠልጣኟ ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰችውና ከሒሳብ ተማሪዎች በወሰደችው ነው የተወጣችው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ትምህርት

ሁሉም ሳይንስና ሒሳብ ይምረጥ የሚል መደምደሚያ ከዚህ ጉዳይ ማውጣት ስህተት ነው። የሚወሰደው ስሌቱ ነው። በሌላ ወረዳ፣ ለምሳሌ የአርጎባ ወይም የኦሮሞ ማኅበረሰብ ባለበት ቆላማው የዞኑ ክፍል፣ የቋንቋ መምህር ፍላጎት ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ሠልጣኝ ግን የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ድልድል አግኝቶ ሴክሽንን በሳምንት ክፍለ ጊዜ ማባዛት፣ ሁለቱን ትምህርቶች መደመር፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን የያዙትን መቀነስ ይችላል። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጥምረቱ ውስጥ ያለ አንዱ ትምህርት የሚሰጠው በሁለት ክፍሎች ብቻ ከሆነ ሌላኛው በሁሉም ክፍሎች የሚሰጥ መሆን አለበት።

የሜጀርና የማይነር ቅደም ተከተል በምኞት ሳይሆን በኮርሶች ሰንሰለት መወሰን አለበት። ሠልጣኙ ደካማ የሆነበት ትምህርት ኮርሶቹ ተያያዥ ከሆኑ ማይነር ይሁን። ከመመዝገብ በፊትም የሜጀሩና የማይነሩ የኮርስ ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ሴሚስተር በሴሚስተር ጎን ለጎን ይጻፍ። የአንዱ ኮርስ የሌላውን ዕውቀት የሚጠይቅበት ቦታ በዚህ ይታያል። እዚህ ጉዳይ ላይ ሜካኒክስንና ትሪጎኖሜትሪን እንዲህ ጎን ለጎን የጻፋቸው ሰው አልነበረም።

ፍራቻ ለብቻው ለመምረጥም ሆነ ለመተው በቂ ምክንያት አይሆንም። በልጆች ፊት የሚደረግ የ15 ደቂቃ ሙከራ ከትራንስክሪፕት የማይገኝ ነገር ያሳያል። ሙከራው የሚጠቅመው ግን ተመልካቹ የልጆቹን የተሳሳተ መልስና የመምህሩን ምላሽ ቃል በቃል ከጻፈ ነው፤ «ጥሩ ነበር» የሚል አስተያየት ምርጫ ላይ አይረዳም።

ኮሌጆች የፕራክቲከም ምደባ ወረቀት ላይ ማይነሩንም መጻፍ አለባቸው። ይህ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ከተጨመረ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ሲያወጣ ያየዋል። የንባብ አስተምህሮ ኮርስም ለሁሉም ሜጀር እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። በገጠር ትምህርት ቤት የሳይንሱም፣ የሒሳቡም፣ የስፖርቱም መምህር አንድ ቀን 1ኛ ወይም 2ኛ ክፍል ይያዝ መባሉ አይቀርም። እዚያ ያሉት ልጆች ደግሞ ማንበብን የሚማሩበት ሌላ ዕድል የላቸውም።

ስለ ጊዜው፦ ድልድሉን ለመገልበጥ የሚሻለው የመጀመሪያው ሴሚስተር እረፍት ነው። የመስከረሙ ሰሌዳ መምህር በመዘዋወሩና ተማሪ ዘግይቶ በመመዝገቡ ምክንያት ብዙ ጊዜ እስከ ጥቅምት ይለዋወጣል፤ በእረፍቱ ወቅት ያለው ግን የረጋ ነው። ወረዳው ዘንድ ለመሄድም ያው ወቅት ይመቻል፤ በክረምት ባለሙያዎቹ በዝውውርና በምደባ ስለሚጠመዱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ ወስዶ የሚያሳይ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።